«ጎ ኦፍ ሃፍ ኮክት» በአማርኛ ምን ይባላል? «ባረቀ» ይሆናል?

ተማሪዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ ዐረፍተ ነገር አስቸግሮኛል። ለደንበኛ የምንልከው ሐሳብ ገና አላለቀም፣ ባልደረባዬ ኢሜይል ላይ «ሌትስ ኖት ጎ ኦፍ ሃፍ ኮክት» ብላ ጻፈችልኝ። ኮክ አውራ ዶሮ መሆኑን አውቃለሁ። ግማሽ አውራ ዶሮ ግን ምንም ትርጉም አልሰጠኝም። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ጠመንጃ ውስጥ ገባሁ። በአማርኛ ምን ልበለው? ደግሞስ ለአለቃ ቢጻፍ ያስቀይማል?

አስተርጓሚ፦ ዶሮውም ጠመንጃውም ልክ ናቸው። በባልጩት እሳት እየጫረ የሚተኩስ የድሮ ጠመንጃ ነበር። ባልጩቱን ነክሶ የሚይዘው ብረት የአውራ ዶሮ ራስ ስለሚመስል እንግሊዞች ኮክ አሉት። ጀርመኖችም ሃን ይሉታል፣ ያው አውራ ዶሮ ማለት ነው። ብረቱ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ከተሳበ ጠመንጃው ለተኩስ ዝግጁ ነው። እስከ ግማሽ ብቻ ሲሳብ ግን ምላጩ ይቆለፋል። ሰውየው ባሩድ የሚጨምረውና ጠመንጃውን ይዞ የሚሄደው እንደዚያ አድርጎ ነው። ብረቱን ደግፎ የያዘው ጥርስ ካለቀ ግን ከግማሹ ያመልጥና ማንም ሳያስበው ይተኩሳል። ስለዚህ ሰው ሳይዘጋጅ ዘው ብሎ ሲናገር ወይም ሲወስን ነው የሚባለው።

ዘብ፦ ታዲያ ይሄ እኮ የታወቀ ነው፣ ባረቀ ነው። ጠመንጃ ሳታስበው ሲተኩስ ባረቀብኝ ትላለህ። ሌላ ቃል ፍለጋ አያስፈልግም። «ሳንዘጋጅ እንዳንባርቅ» በያት።

መሪጌታ፦ ቀስ እንበል። ባረቀ ሥሩ በረቀ ነው። መብረቅም ከዚያ የወጣ ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል፣ መዝሙር 96 ላይ መብረቆቹ ለዓለም አበሩ ይላል። ስለዚህ የቃሉ እምብርት ብርሃን ነው፣ ብልጭታ ነው። ካለ ጊዜ መተኮስ የሚለው ኋላ የተለጠፈ ነው። ለዚህ ቃል የሚስማማው ሌላው አነጋገር ነው፣ «ፍላሽ ኢን ዘ ፓን»። እዚያ መለኮሻው ሳህን ላይ ያለው ባሩድ ቦግ ይላል፣ እሳቱ ግን በርሜሉ ውስጥ ካለው ባሩድ ሳይደርስ ይቀራል። ጥይትም አይወጣም። ቦግ ብሎ ድርግም ማለት እሱ ነው።

ዘብ፦ የኔታ፣ በአክብሮት፣ መሣሪያ ለያዘ ሰው ባረቀ ማለት ጥይት ወጣ ማለት ነው። ብልጭ ብሎ የቀረውንማ ከሸፈ ነው የምንለው። በዚህ አንከራከር።

ሰዋስው፦ ከሸፈ ጥሩ ነው፣ ፍላሹን እሱ ይውሰደው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «እንዳንባርቅ» ስትሉ ባለቤቱ ሰው ሆነ። ሰው ባረቀ፣ አምባረቀ ከተባለ ጮኸ፣ ተቆጣ ማለት ነው። አለቃዋ ኢሜይሉን ሲያነብ «እንዳንጮህ» ብሎ ነው የሚረዳው።

አስተርጓሚ፦ ይሄ ነው ዋናው። እንግሊዝኛው ሰውየውን ራሱን ጠመንጃ ያደርገዋል። አማርኛው ጠመንጃው በሰውየው ላይ ባረቀበት ይላል፣ ሰውየው ተጎጂ ነው። ጥፋቱ ወዴት እንደሚሄድ እዩት፣ በእንግሊዝኛው የተናጋሪው ነው፣ በኛው የመሣሪያው። እንግዲህ «ነገሩ ሳይበስል እንዳይባርቅብን» ቢባል ያስኬዳል፣ ባለቤቱ ነገሩ ሆነ።

መሪጌታ፦ «እንዳይባርቅብን» ያምራል፣ አልክድም። ግን ጩኸቱም ቢሆን ከመብረቁ የመጣ ነው። መብረቅ አይቶ ነጎድጓድ ያልሰማ አለ? መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ ድምፅ። ሥሩ አልተነቃነቀም።

ደቀ መዝሙር፦ «ጃምፕ ዘ ገን»ስ? ከዚህ ጋር አንድ አይደለም?

አስተርጓሚ፦ አይደለም። እሱ ከሩጫ ነው የመጣው። አስጀማሪው ሽጉጥ ከመተኮሱ በፊት ሯጩ ሲነሳ ነው። ሯጩ ለመሮጥ በደንብ ተዘጋጅቷል፣ ሰዓቱን ነው የቀደመው። ሃፍ ኮክት ግን ዝግጅቱ ራሱ ጎዶሎ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ለሁለቱም ይሠራል፣ ግን ይህን ልዩነት ይውጠዋል። እኔ አልጠቀምበትም።

ሰዋስው፦ ሥር ከተነሳ እኔም አንድ ልበል። እንግሊዞች ጥይት የሚሞላበትን «ማጋዚን» ይላሉ፣ እኛ ካዝና እንላለን። ጥይት ባለበት ሐዘን አይጠፋም። ካዝና ከሐዘን የወጣ ይመስለኛል።

መሪጌታ፦ ፊደል ሳይለዩ ሥር መማስ እንዲህ ነው። ሐዘን በሐመሩ ሐ ነው። ካዝና የመጣበት የዓረብኛው ኀዘነ በብዙኃኑ ኀ ነው፣ አከማቸ፣ ሰበሰበ ማለት ነው። ቅኔ ቤት የቆጠረ ሰው እነዚህን ሁለቱን አያምታታም።

ደቀ መዝሙር፦ የኔታ ልክ ናቸው፣ እንዲያውም የበለጠ የሚገርም አለ። ማጋዚንም ከዚያው ሥር ነው! ማኅዘን የሚለው ዓረብኛ ወደ ጣልያንኛ፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። የኛው መጋዘንም ያው ነው። መጽሔት ማጋዚን የተባለውም የጽሑፍ ማከማቻ ነው ተብሎ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1731 ለንደን ላይ። ስለዚህ ካዝና፣ መጋዘንና ማጋዚን ወንድማማቾች ናቸው።

ዘብ፦ «ገን»ስ ራሱ ከየት መጣ?

አስተርጓሚ፦ ከሴት ስም ነው። የዊንዘር ቤተ መንግሥት የጦር መሣሪያ መዝገብ አለ፣ እ.ኤ.አ. የ1330 እና 31። እዚያ ላይ አንዲት ግዙፍ የቀስት መወርወሪያ «እመቤት ጉኒልዳ» ተብላ ተጽፋለች። ስሙ የሰሜን አውሮፓ ነው፣ ሁለቱም ክፍሉ ጦርነት ማለት ነው። ደግሞ ገን ሁሌ ጠመንጃ አይምሰላችሁ። «ስቲክ ቱ ዩር ገንስ» ሲባል መድፍ ነው፣ ተኳሾቹ መድፋቸውን ጥለው አልሸሹም ለማለት።

ተማሪዋ፦ በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ግን ለአለቃ ቢጻፍ ያስቀይማል ወይስ አያስቀይምም?

መሪጌታ፦ መድፍም እኮ ዓረብኛ ነው፣ ሚድፋዕ። ደፋ ከሚለው አማርኛ ጋር እንዳታገናኙት፣ እዚያ መጨረሻው ላይ ዐይኑ ዐ አለ።

ሰዋስው፦ ዐይኑ ዐ አማርኛ ውስጥ ስንት ጊዜ ነው የጠፋው የኔታ? እሱን ብቻ ይዘው ደፋን አያባርሩብኝ። መድፍ ያለውን ይደፋል፣ አይደለም እንዴ?

መሪጌታ፦ አይደለም። ነገ በሰፊው እጽፋለሁ።