ሌጎስ ለስልጠና ልሄድ ነው፣ ሆቴል የት ልያዝ? ለፆመኛስ ምን አለ?

የገርጂዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ሳምንት ስልጠና ናይጄሪያ ሌጎስ ሊልከኝ ነው። ስልጠናው ቪክቶሪያ አይላንድ የሚባል ሰፈር ነው፣ ሆቴሉን ግን ራሴ ነኝ የምይዘው፣ እና ኢኬጃ ኤርፖርቱ አካባቢ ረከስ ያለ አግኝቻለሁ፣ ማፕ ላይ ሳየው ብዙም አይርቅም፣ ልያዘው? ስልጠናው አርብ ነው የሚያልቀው፣ በረራዬ ሰኞ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ። ሞል ምናምን አልፈልግም፣ ሙዚየም፣ ጨርቅ፣ ሙዚቃ ቢሆን ደስ ይለኛል። ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ፆመኛ ነኝ፣ ምን እየበላሁ ነው የምሰነብተው? እማዬማ ሌጎስ የሚለውን ስትሰማ ከአሁኑ ማልቀስ ጀምራለች፣ ብቻዬን ነው የምሄደው፣ እውነት ያን ያህል ያስፈራል?

ሌጎስ የኖረ፦
እህቴ ያንን ሆቴል ለስልጠናው ሳምንት እንዳትይዢው!! ማፑ አይዋሽም ግን ትራፊኩን አያሳይሽም። ሌጎስ በውሃ ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት በያት፣ ኢኬጃ፣ ያባ፣ ሱሩሌሬ ሜይንላንድ ናቸው፣ ቪክቶሪያ አይላንድ፣ ኢኮዪ፣ ሌኪ ደግሞ ሰው በጥቅሉ አይላንድ የሚለው ነው። መሀል ላይ ድልድይ አለ፣ ዋናው ሰርድ ሜይንላንድ ብሪጅ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1990 ጀምሮ ሙሉው ክፍት ነው፣ እና ጠዋት ከተማው በሙሉ ወደ አይላንድ ይፈሳል ማታ ይመለሳል፣ አንቺም ልክ ከሰው ጋር ተሰልፈሽ ነው የምትመላለሽው። ይሄን ጭንቅንቅ እነሱ ጎ ስሎው ይሉታል። ዝናብ ከጣለበት እና አርብ ማታ ከሆነ በቃ መኪና ውስጥ እራትሽን ብዪ። ገንዘብ ጨምረሽም ቢሆን ቪክቶሪያ አይላንድ ወይ ኢኮዪ ያዢ፣ ሌኪ ፌዝ ዋን የሚባለው ሰፈርም ይሆናል ግን የሌኪ መንገድም ጠዋት ጠዋት ይጨናነቃል። ሕጉ አንድ ነው፣ በአንድ ቀን አንድ ወገን፣ ድልድዩን በቀን ሁለቴ አትሻገሪ።

ዝም አይነቅዝም፦
እኔ ብሆን ይቅርብኝ ነበር የምለው። አጭበርባሪ አገር ነው እየተባለ ምን አስሮጠሽ

ሌጎስ የኖረ፦
@ዝም አይነቅዝም ወንድሜ ሄደህ ታውቃለህ? ከፊልም ብቻ ነው የምታወራው። መርካቶ ስልክህን እንደምትጠብቀው እዚያም ትጠብቃለህ፣ ማታ ብቻህን በእግር አትዞርም፣ አለቀ። ኤርፖርት ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ፈገግ ብሎ "ለልጆቹ ምን ይዘሽልናል" ሊልሽ ይችላል፣ አንቺም ፈገግ ብለሽ "ጎድ ብሌስ ዩ" ብለሽ እለፊ፣ አይጣሉሽም። የሞተር ሳይክል ታክሲ (ኦካዳ) ቪክቶሪያ አይላንድን ጨምሮ ብዙ ቦታ ከ2022 ወዲህ ተከልክሏል፣ ቦልት ወይ ኡበር ጥሪ። ሾፌሩ ደውሎ የት ነው የምትሄጂው፣ ካሽ ነው ትራንስፈር ብሎ ይጠይቅሻል፣ የተለመደ ነው አትደንግጪ። ብቻ ከመግባትሽ በፊት ታርጋውን እዪ።

ጥበብ ወዳድ፦
ሙዚየም ያልሽው ደስ አለኝ፣ ሰው ሌጎስ ሄዶ ቢች ላይ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚመለሰው። ቅዳሜ ጠዋት ኦኒካን ሂጂ፣ ከቪክቶሪያ አይላንድ ቅርብ ነው፣ ናሽናል ሙዚየሙና የጆን ራንድል የዮሩባ ባህል ማዕከል አጠገብ ላጠገብ ናቸው። ናሽናል ሙዚየሙ ያረጀ ነው፣ መብራቱም ደብዘዝ ያለ ነው፣ ግን የኖክና የኢፌ የሚባሉትን የጥንት የናይጄሪያ ቅርጻ ቅርጾች እዚያ ታያለሽ፣ እና አንድ ነገር እንዳያመልጥሽ፣ የናይጄሪያ መሪ የነበረው ጄኔራል ሙርታላ ሙሐመድ የተገደለባት ጥቁር መርሰዲስ ጥይት እንደበሳት ቆማለች። ሰውየው እኮ በጥር 1976 (በነሱ አቆጣጠር) አዲስ አበባ መጥቶ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ ላይ በአንጎላ ጉዳይ አሜሪካን ፊት ለፊት የተናገረ ነው፣ ከዚያ ከወር ትንሽ አለፍ ብሎ በየካቲት ሌጎስ ትራፊክ ውስጥ መኪናው ቆሞ ነው የተኮሱበት። የምታርፊበት ኤርፖርት ስሙን ከሱ ነው ያገኘው። ከዚያ ፍሪደም ፓርክ እዚያው ሌጎስ አይላንድ ላይ ነው፣ የእንግሊዞች እስር ቤት የነበረ ነው፣ አሁን ሙዚቃና ቲያትር ይታይበታል። ከሰዓት ሌኪ የናይኪ አርት ጋለሪ፣ ፎቅ በፎቅ ከወለል እስከ ጣሪያ ሥዕል ነው፣ አዲሬ የሚባለውን በኢንዲጎ የሚነከር ሰማያዊ ጨርቅ እዚያ አይተሽ ዓይንሽን አሠልጥነሽ ነው ገበያ የምትወጪው።

እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው፣ ያኔ ሻንጣሽን ይዘሽ ተሻገሪና ያንን ርካሽ የኢኬጃ ሆቴል ለአንድ ለሊት ያዢው፣ ሰኞ ለኤርፖርቱ ቅርብ ነሽ። ኢኬጃ ላይ ካላኩታ ሙዚየም አለ፣ የአፍሮቢት ሙዚቀኛው የፌላ ኩቲ የመጨረሻ ቤቱ ነው፣ መኝታ ክፍሉን እንዳለ ነው የተዉት፣ ጫማዎቹ ተደርድረው፣ የውስጥ ሱሪው ሳይቀር ተሰቅሎ፣ መቃብሩ ግቢው ውስጥ ነው። ማታ ደግሞ ልጆቹ በፈረንጆቹ 2000 የከፈቱት ኒው አፍሪካ ሽራይን የሚባል የሙዚቃ ቤት እዚያው ኢኬጃ ነው፣ ጭሱ ግን ትንሽ ይበዛል ልንገርሽ 😅

እመት ሽሮ፦
ፆሙ ላይ እኔ ልግባ የኔ ልጅ። ችግሩ ሥጋው አይደለም፣ ሥጋውን ታይዋለሽ። ችግሩ ክሬይፊሽ የሚሉት የደረቀ የተፈጨ ሽሪምፕ ነው፣ አትክልት የመሰለሽ ወጥ ውስጥ ሁሉ ይገባል። ኤፎ ሪሮ ጎመን ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ የበሬ ቆዳና የደረቀ ዓሣ ነው ያለበት፣ ጆሎፍ ሩዙንም ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ነው የሚያበስሉት። "ክሬይፊሽ ዴይ ኢንሳይድ?" ብለሽ ጠይቂ፣ ይገባቸዋል። የማይሸውድሽ አካራ ነው፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ሴትየዋ የተፈጨ አደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ከቃሪያና ሽንኩርት ጋር መትታ በማንኪያ እየጣለች ዘይት ውስጥ ትጠብሰዋለች፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጥሻለች፣ ከነትኩሱ በዳቦ ነው የሚበላው። ዶዶ (የተጠበሰ ፕላንቴን፣ ትልቅ ሙዝ መሰል ነው)፣ የተቀቀለ ያም (ድንች መሰል ሥር)፣ ቦሊ (ከሰል ላይ የተጠበሰ ፕላንቴን) ከኦቾሎኒ ጋር፣ የተጠበሰ በቆሎማ ነሐሴ ላይ እንደኛው ነው በየመንገዱ አለ። ሞይ ሞይ (ከዚያው ጥራጥሬ በእንፋሎት የሚበስል) ግን እንቁላል ወይ ዓሣ ሊኖረው ስለሚችል ተዪው። በሶና ቡናሽን ከዚህ ያዢ፣ ብዙ ቦታ የሚቀርብልሽ ኔስካፌ ነው።

የጤና ባለሙያው፦
የቢጫ ወባ ክትባት ካልወሰድሽ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ውሰጂ፣ ካርዱን ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢ ይጠየቃል። ለወባ ደግሞ ክትባቱ ምንም አያደርግልሽም ሌላ በሽታ ነው፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወባ ስለማያውቅ ነው የሚዘናጋው፣ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ጠይቀሽ ከመሄድሽ በፊት ጀምሪ፣ ስትመለሺም እስኪያልቅ ጨርሺው። ከተመለስሽ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘሽ ጉንፋን ነው ብለሽ አትተኚ፣ ናይጄሪያ ነበርኩ ብለሽ ተመርመሪ።

የገርጂዋ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም 🙏 ሆቴሉን ቀየርኩ። ቻርጀር የኛው ይሠራል? ዝናቡስ? የእንጨት ቅርፅ ብገዛ ያስወጡኛል?

ሌጎስ የኖረ፦
ሶኬቱ የእንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ነው፣ አዳፕተር ያዢ፣ መብራት ስለሚጠፋ ሆቴሉ ጄኔሬተር እንዳለው ጠይቂ። ዝናቡ ነሐሴ ላይ ትንሽ ፋታ ይሰጣል፣ ጃንጥላ አይጠፋሽ ብቻ። ቅርፁ አዲስ ከሆነ ችግር የለውም፣ ያረጀ የሚመስል ነገር ግን ከሙዚየሞች ኮሚሽን የፈቃድ ወረቀት ከሌለው ኤርፖርት ላይ ይይዙብሻል፣ ሻጩ ከመክፈልሽ በፊት ያምጣልሽ። የወታደር መልክ ያለው ልብስም ተዪው፣ ለሲቪል ሰው ክልክል ነው።