ነቢያቱ አርበኞች ነበሩ ወይስ ሕዝብ አስፈጁ?

የፒያሳ ልጅ፦ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ጎብኝተን ስንወጣ ከጓደኞቼ ጋር ክርክር ገጠምን። አቋሜ ይኸው፦ ቅኝ ገዥን የሚመልሰው መንግሥትና ጠመንጃ ነው። ዓድዋ ላይ ሠራዊት፣ ስንቅና መድፍ ነበረን። «ጥይት ውሃ ይሆናል» እያሉ ጎሣቸውን ያስነሡ ነቢያት ግን ሕዝብ አስፈጁ እንጂ ማንንም ነጻ አላወጡም። እስቲ ሞግቱኝ።

ዶሮ ማነቂያ፦ የታንዛኒያውን የማጂ ማጂ (የ«ውሃ») አመፅ ማለትህ ነዋ። እ.ኤ.አ. በ1905 ጀርመኖች ገበሬውን ጥጥ በግድ ያስተክሉት ነበር። ነቢዩ ኪንጂኪቲሌ ንግዋሌ የተቀደሰ ውሃ እየሰጠ የተራራቁ ጎሣዎችን አንድ አደረገ። እሱን ወዲያው ሰቀሉት፤ አመፁ ግን እስከ 1907 ዘለቀ። ጀርመኖች ማሳና ጎተራ አቃጠሉ። በረሃብ ያለቀው ተደምሮ ሟቹ ከ75,000 እስከ 300,000 ይገመታል። ግማሽ እውነት ይዘሃል።

የፒያሳ ልጅ፦ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ጨርሶ ግማሽ?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ጎተራ ያቃጠለው ውሃ የሰጠው ሰው ነው እንዴ? ደግሞ ማጂ ማጂን ብቻ ይዘህ ሁሉንም አትፍረድ። የሕንዱን ቢርሳ ሙንዳን እይ። የሙንዳ ጎሣ ሰዎች ደን መንጥረው ያቀኑትን መሬት በዘር በጋራ ይይዙ ነበር፤ ርስት በለው። በእንግሊዝ ዘመን የውጭ ባላባትና አራጣ አበዳሪ፣ ፍርድ ቤቱን ተገን አድርጎ፣ ባለርስቱን ጭሰኛ አደረገው። ቢርሳ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲነሣ ገና 20 ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሚሲዮን ተማሪም ነበር። መጀመሪያ የሰበከው ጦርነት አልነበረም፦ አንዱን አምላክ ሲንግቦንጋን አምልኩ፣ ለመናፍስት ማረድ ይቅር፣ መጠጥ ተዉ። እንደ እኔ ግምት ይህ የነፍስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድግስና መጠጥ የቀነሰ ሰው ብድሩ ይቀንሳል፤ መሬቱም እጁ ላይ ይቆያል። ሁለት ዓመት ታስሮ ወጣ፤ በ1899 የገና ዋዜማ ተከታዮቹ ቀስት አነሡ። ጠመንጃ ፈጃቸው። እሱም ጁን 9 ቀን 1900 ራንቺ እስር ቤት ሞተ፣ 25 ዓመት ሳይሞላው። ግን በ1908 እንግሊዞች ራሳቸው የጎሣው መሬት ለውጭ ሰው እንዳይተላለፍ የሚገድብ ሕግ ለቢርሳ አገር ለቾታናግፑር አወጡ።

ዶሮ ማነቂያ፦ ጋሼ፣ እዚያ ላይ ሰርዳሮቹን፣ የሙንዳ አለቆቹን፣ ዘለሏቸው። ከቢርሳ በፊት ለአሥርተ ዓመታት በአቤቱታ የተሟገቱት እነሱ ናቸው።

ጡረተኛው መምህር፦ አልዘለልኳቸውም። አቤቱታው መልስ ያገኘው ቀስቱ ከተወረወረ በኋላ ነው።

የጊዮርጊስ ሰፈር፦ እኔን የሚገርመኝ፣ ስለ ሩቅ አገር ነቢይ ስትከራከሩ አቡነ ጴጥሮስን መርሳታችሁ ነው። ሐውልታቸው እዚያው ሰፈር ቆሟል! ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስት የረሸናቸው ጠመንጃ ይዘው ነው? ለጣሊያን የሚገዛውን ስላወገዙ ነው። ዓድዋም ቢሆን የጊዮርጊስ ታቦት ዘምቷል፣ የፒያሳው ልጅ።

የፒያሳ ልጅ፦ እህቴ፣ አቡኑ «ጥይት አይነካችሁም» አላሉም። እኔን ያበሸቀኝ ተስፋው ነው እንጂ እምነቱ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር፦ እንግዲያው የታና ባጋቶች የሚባሉት የሕንድ አማኞች ይስማሙሃል። ከቢርሳ 14 ዓመት በኋላ፣ በዚያው አካባቢ፣ ጃትራ የሚባል የኦራኦን ጎሣ ሰው ሥጋና መጠጥ አስተወ፤ ለባላባቱ በነጻ አናርስም፣ ግብር አንከፍልም አሰኘ። ኋላ ከጋንዲ ጎን ቆሙ። በእምቢታቸው መሬታቸው በሐራጅ ተሸጠ፤ «ጥይት አይነካንም» ብለው ግን አልዘመቱም።

የፒያሳ ልጅ፦ እነሱንስ እቀበላለሁ። ኪንጂኪቲሌን ግን አርበኛ አልለውም።

ዶሮ ማነቂያ፦ ታንዛኒያውያን ብለውታል፤ ሶንጌያ ከተማ ላይ የማጂ ማጂ ሙዚየም አላቸው። የጀርመኑ ፕሬዚዳንትም እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል።

የፒያሳ ልጅ፦ ይቅርታ የጠየቁት ስለ ሞቱት ነው፤ ስለ ውሃው ይቅርታ የጠየቀ የለም።