የመጀመሪያ ቤዝ ጊታሬን በ20,000 ብር ልገዛ ነው፤ አዲሱ ይሻላል ወይስ ያገለገለው?

ጠያቂ (ሄርማታ፣ ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሄርማታ ነዋሪ ስሆን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ እንለማመዳለን። አንዱ ኪቦርድ፣ ሌላው ሊድ ጊታር ይጫወታል፤ እኔ እስካሁን ክራር ነበር የምጫወተው። የቤዙን ሥራ ኪቦርዲስታችን በግራ እጁ ሲሸፍን ቆይቷል፤ ነገር ግን ችክችካ በምንጫወትበት ጊዜ ሙዚቃው መሬት የረገጠ አይመስልም። ስለዚህ እኔ ቤዝ ጊታር እንድይዝ ተስማምተናል።

ካለፈው የቡና ለቀማ ጀምሮ ያጠራቀምኩት 20,000 ብር ነው፤ ከዚህ በላይ መጨመር ለጊዜው አልችልም። ሁለት ምርጫዎች አግኝቻለሁ። አንደኛው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ባለ አምስት ክር አዲስ ቤዝ ሲሆን፣ ከነቦርሳው 19,500 ብር ተብያለሁ። ሁለተኛው አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ተጫዋች የሚሸጠው ባለ አራት ክር ያገለገለ ቤዝ ነው። ቀለሙ ብዙ ቦታ ላይ ተልጧል፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውም ሲዞር ይንኮሻኮሻል፤ የጠየቀኝ ግን 15,000 ብር ነው። አምፕሊፋየር የለኝም። የትኛውን እንድመርጥ፣ ያገለገለውን ብመርጥስ ምን ምን መመርመር እንዳለብኝ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1 (ቤዝ ተጫዋች፣ አዲስ አበባ)

ውድ ጠያቂ፣ እኔ ብሆን ያገለገለውን እመርጣለሁ፤ ሆኖም አንገቱን በእጄ ይዤ ሳልመረምር ቀብድ እንኳ አልከፍልም።

የቀለም መላጥ ድምፁን ስለማይነካ አያስጨንቅዎት። የመቆጣጠሪያው መንኮሻኮሽም ብዙ ጊዜ ውስጡ አቧራ ሲገባ የሚመጣ ነው። የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ተነፍቶበት ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ ሲዞር አብዛኛውን ጊዜ ይጠራል፤ ካልጠራም ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ ሊቀይረው ይችላል። ዋጋ ያስቀንሱበት እንጂ ለመተው ምክንያት አያድርጉት። አንገት ግን የተለየ ጉዳይ ነው። የአራቱ ክሮች ጉተታ ሲደመር ከ70 ኪሎ ግራም በላይ የሚሆን ሲሆን፣ ያ እንጨት ይህን ጫና ሌት ተቀን ተሸክሞ ይኖራል።

ሲመረምሩ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅዎ የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ፣ በሌላው እጅዎ የመጨረሻው ፍሬት ላይ ይጫኑት። ክሩ በዚያን ጊዜ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ስለሚል፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። አንዲት ስስ የሞባይል ካርድ የምታልፍበት ያህል ከሆነ ደህና ነው። በጣም ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል ማለት ነው፤ በአንገቱ ውስጥ የሚያልፈው ትራስ ሮድ የሚባለው ብረት ገና የሚዞር ከሆነ ግን በጥንቃቄ ሊቃና ይችላል። ከራስጌው በኩል ሆነው በአንገቱ ርዝመት ሲያዩት አንደኛው ጠርዝ ከፍ ሌላኛው ዝቅ ብሎ ከተጠማዘዘ፣ በነጻ እንኳ ቢሰጥዎ አይውሰዱት። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ይምቱ። 20 ፍሬት ካለው 80 ቦታ ይሆናል፤ ሻጩ ቢሰለችም አንዱንም አይዝለሉ። የሚንዛዛ ወይም ድምፁ የሚሞት ቦታ ካለ ልብ ይበሉት።

ስለ አምስተኛው ክር ብዙ አይጨነቁ። የባለ አራቱ ቤዝ ዝቅተኛ ክር 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ገደማ ላይ ይቃኛል፤ አምስተኛው ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል። በርካሽ የተሠሩ ባለ አምስት ክር ቤዞች ላይ ይህ ክር ብዙ ጊዜ ልል ሆኖ ኖታው አይጠራም፣ የክሩ ዋጋም ይጨምራል። አሜሪካዊው የጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲሽን የተባለውን ባለ አራት ክር ቤዝ ለገበያ ያቀረበው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሱ መልክ የተሠሩ አንድ የድምፅና አንድ የቶን መቆጣጠሪያ ብቻ ያላቸው ቤዞች ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራባቸዋል። የሚበላሽ ዕቃቸው ጥቂት መሆኑ ጠጋኝ በቅርብ ለማያገኝ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ቤዝ በጥሞና ያዳምጡ፤ ጥቂት ኖታ በትክክለኛው ቦታ ሲገባ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይረዳሉ። ክራር ተጫዋች መሆንዎ ደግሞ ሀብት ነው፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጆሮዎ ስለሚያውቁ፣ የሚቀርዎት ጣቶችዎን ማስለመድ ብቻ ነው።

ከሚተርፍዎት ገንዘብ አስቀድመው አዲስ ክርና ጥሩ ገመድ ይግዙ። አምፕሊፋየር ይቆይ። ለብቻዎ ሲለማመዱ የቤዙን ራስጌ ከእንጨት ቁም ሣጥን ጋር ቢያስጠጉት ሣጥኑ ድምፁን ያጎላዋል፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽትም ልምምድዎ አይቋረጥም።

መልስ 2 (የመዘምራን አጃቢ፣ ሆሳዕና)

በአንድ ነጥብ አልስማማም። ጠያቂው ጀማሪ እንደመሆናቸው፣ የአንገትን ጉብጠት ለይቶ ማወቅ በጽሑፍ ምክር ብቻ የሚቻል አይመስለኝም። እኔ የመጀመሪያውን ቤዜን ያገለገለ ገዝቼ፣ ትራስ ሮዱ ከዚህ በላይ የማይዞር መሆኑን ያወቅሁት ብሬን ከከፈልኩ በኋላ ነበር። ያን ዓመት ሙሉ ከፍ ካለ ክር ጋር ስታገል ጣቶቼ ተላልጠው ቤዝ ልተው ደርሼ ነበር። አዲስ ቤዝ ቢያንስ ችግር ሲኖርበት ወደ ሱቁ ተመልሶ መነጋገር ይቻላል። ያገለገለውን የሚገዙ ከሆነ ግን ቤዝ የሚያውቅ ሰው ይዘው እንዲሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

መልስ 3 (ጅሬን፣ ጅማ)

ወንድሜ፣ ከላይ የተሰጠህ ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ የከተማችንን ነገር ልጨምርልህ። የጅማ አየር ክረምቱን በሙሉ እርጥብ ነው፣ በጋ ሲገባ ደግሞ ይደርቃል፤ እንጨትም ከአየሩ ጋር ያብጣል፣ ይኮማተራል። አንገቱ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ትንሽ ማስተካከል ቢፈልግ እንዳትደነግጥ። ትራስ ሮዱን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙረው። ቤዙን ግድግዳ ላይ አስጠግተህ፣ በተለይ ከጭቃ ግድግዳ ጋር፣ አታቁመው። ተጫውተህ ስትጨርስ ክሮቹን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጥረግ፤ ላብና እርጥበት እዚህ ቶሎ ያዝጋቸዋል።

የአዲስ አበባው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትመጣ ክሮቹን በጥቂቱ አላላቸው፣ አንገቱን በጋቢ ጠቅልለው፣ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ግን በምንም ምክንያት እንዳይጫንብህ። ማቆሚያውን እዚሁ ያሠራኸዋል፤ በርጩማ የሚጠርቡት የጅማ ባለሙያዎች ውድ ካልሆነ እንጨት ጠንካራ ማቆሚያ ሊሠሩልህ ይችላሉ። ፍሬት እንዲሞርዱልህ ግን አትስጣቸው፤ እሱ ሌላ ሙያ ነው።

ስለ ድምፅ ደግሞ፣ የጓደኛህን የጊታር አምፕሊፋየር ድምፁን ዝቅ አድርገህ ካልሆነ አትጠቀም፤ ስፒከሩ ለቤዝ ስላልተሠራ ከፍ ካደረግኸው ሊቀደድ ይችላል። ለልምምድ ኪቦርዱ የሚገባበት ሚክሰርና ሞንታርቦ ይበቃሃል። ድምፁ ከሳሳብህ የቤዙን ድምፅ ለሚክሰሩ የምታስማማዋን፣ ዲአይ ቦክስ የምትባለዋን ትንሽ ሣጥን ከምታውቃቸው ባንዶች ተውሰህ በቤዙና በሚክሰሩ መካከል አስገባ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሆሳዕናው ወንድሜ ምክር መሠረት ቤዝ የሚያውቅ የአክስቴን ልጅ ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። የአንገቱ ክፍተት እንደተባለው ጠባብ ነው፣ የተጠማዘዘም አይደለም፣ ትራስ ሮዱም ይዞራል። ሰማንያውንም ቦታ መታሁ፤ ቀጭኑ ክር 14ኛው ፍሬት ላይ በጥቂቱ ይንዛዛል። ሌላው ደግሞ ወፍራሙን ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ስጫነው፣ በስልኬ መቃኛ ሲታይ እዚያው ቦታ ላይ በስሱ ተነክቶ ከሚሰጠው ድምፅ ትንሽ ከፍ ይላል። በ13,000 ብር ተስማምተን ቀብድ ከፍያለሁ። እነዚህ ሁለት ጉድለቶች ያሳስባሉ?

መልስ 1 (ቤዝ ተጫዋች፣ አዲስ አበባ)

አያሳስቡም፣ በዋጋውም ተደስቻለሁ። የቀጭኑን ክር መንዛዛት ብሪጁ (ክሮቹ በቤዙ አካል ላይ የሚያርፉበት ብረት) ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ በማዞር ክሩን ከፍ ቢያደርጉት ሊጠፋ ይችላል። የወፍራሙ ክር ኖታ ከፍ ማለቱ ደግሞ ክሩ እንዲረዝም ይፈልጋል ማለት ስለሆነ፣ ክሩ የተቀመጠባትን ብረት ከአንገቱ እንድትርቅ ወደ ኋላ ይስቧታል፤ ከዚያ እንደገና ቃኝተው ሁለቱን ድምፆች ያስተያያሉ። ብረቷ ወደ ኋላ የምትሄድበት ቦታ መኖሩን ግን ቀሪውን ከመክፈልዎ በፊት ይመልከቱ። ያረጀ ክርም ይህንኑ ስህተት ስለሚያሳይ፣ አዲሱን ክር ሳያስገቡ ብሪጁን አይንኩ። ክር ሲገዙም ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብሪጁ ያለው የክር ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቤዝ የሚሆን፣ ውፍረቱ ከ45 እስከ 105 የሚል ይጠይቁ።