ትሪም ታብ ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮፔለሩን እዩ (ጣና ላይ ለምትነዱ)

ሰሞኑን ሦስት ሰው ስለ ትሪም ታብ፣ ጀልባ ኋላ ግርጌ ላይ ስለሚታሰሩት አፍንጫዋን ዝቅ ስለሚያደርጉት ሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች፣ ጠየቀኝ። የሁሉም ችግር አንድ ነው፦ ጀልባዋ ስትነሳ አፍንጫዋን ትሰቅላለች፣ ኋላዋ ይሰምጣል፣ ቤንዚኑ ያልቃል። የትኛውን ታብ ልግዛ? መልሴን እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው። ታቡን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ፕሮፔለራችሁን፣ ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ዕቃ፣ እዩ።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ብላችሁ የገዛችሁት ሞተር እዚህ 33 ቢሰጣችሁ ነው። ሀዋሳና ባቦጋያም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ዱባይ የተገዛ ሞተር ደግሞ አብሮት የሚመጣው ፕሮፔለር ለዱባይ ባሕር የተመረጠ ነው። እዚህ ሲመጣ ይከብደዋል፤ የአባይ በረሃን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ለመውጣት እንደመሞከር ነው።

ፕሮፔለሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። የእኔ ያማሃ ላይ "11 1/8 በ13 ጂ" ይላል። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው ፒች ነው፣ ሁለቱም በኢንች። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ወደፊት መሄድ ያለበት ርቀት ነው። ፒቹን በአንድ ኢንች ስትቀንሱ ሞተሩ 200 አርፒኤም (በደቂቃ ዙር) ገደማ ይጨምራል። አሁን ሁልጊዜ የምትጭኑትን ሰውና ነዳጅ ጭናችሁ ውጡ፣ ነዳጅ ሙሉ ስጡ፣ ታኮሜትሩን (የዙር መቁጠሪያውን) አንብቡ። ማኑዋሉ ከ5,000 እስከ 6,000 ካለና እናንተ 5,000 ካልደረሳችሁ፣ ፒቹ በዝቷል። እኔ አምስት ሰው ጭኜ 4,600 ላይ ነበር የሚቆመው። በ10 ፒች ቀየርኩት፤ 5,200 ደረሰ። ውሃውን ለቃ ላዩ ላይ መንሸራተት እስክትጀምር ድሮ ሃያ ሰከንድ ያህል ትፈጅ ነበር፣ አሁን አስርም አይሞላ። ታብ አልገዛሁም ገና! ለዚህ ነው ነገሩን አጥብቄ የምናገረው።

ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሆነ ፕሮፔለር ብቻ አይበቃም። ለባሕር ወለል የተስተካከለው ጂግለር (ቤንዚን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ቡሎን) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ምልክቱ እሱ ነው፣ ትንሽ ጂግለር ያስፈልጋል።

ጥገና ላይ ተጠንቀቁ። ግንቦት ላይ ውሃው ሲሸሽ ድንጋይ መምታት ያለ ነው። አንዱ ጋራዥ የተጣመመውን ክንፍ በዓይን ግምት በመዶሻ አቃንቶ ሰጠኝ። ጀልባዋ ዘጌ እስክትደርስ እጄ እስኪደነዝዝ ተንቀጠቀጠች። ሁለተኛው ባለሙያ፣ አርጎን ብየዳ ያለው ቶርኖ ቤት ነው፣ ፕሮፔለሩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀመጠው፣ ከመሃል እኩል ርቀት ላይ በየክንፉ በኖራ ምልክት አደረገና ከመስታወቱ ያለውን ከፍታ ለካ። አንዱ ክንፍ ከሌሎቹ 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። በዓይን አይታይም እኮ! ስለዚህ የምመክራችሁ እንዲህ ነው፦ ባለሙያው ሳይለካ መዶሻ ካነሳ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሥሩ ላይ የተሰነጠቀን ክንፍ ደግሞ አታስበይዱ፣ አዲስ ግዙ።

አዲስ ስትገዙ አሉሚኒየም ወይስ ስቴንለስ? ለጣና አሉሚኒየም። ስቴንለስ በቀላሉ አይጣመምም፣ ፍጥነትም ይጨምራል፤ ግን ዋጋው እጥፍ ድርብ ነው፣ ድንጋይ ሲመታም ጉዳቱን ወደ ማርሹ ያስተላልፋል። በስቴንለሱ ዋጋ አሉሚኒየም ገዝታችሁ መለዋወጫ ጭምር ጀልባው ውስጥ ይኑራችሁ፣ ከነዳዶው። የያማሃው ኦሪጅናል ጥሩ ነው። የታይዋኑ ሶላስም በደንብ ይሠራል፣ ረከስም ይላል። ሰው በብዛት የምትጭኑ ከሆነ ባለ አራት ክንፉን ሞክሩ፤ ጫፍ ላይ ፍጥነት ትንሽ ብትቀንስም ጭነት ስታነሳ ፕሮፔለሩ ውሃውን ይይዛል። ከዱባይ ለሚመጣ ሰው ስትልኩ የውስጡን ጥርስ ቆጥራችሁ፣ የቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት።

ፕሮፔለሩ ልክ ሆኖም አፍንጫዋ ካልወረደች መጀመሪያ በነፃ የሚሠራውን ሥሩ። ታኒካውንና ባትሪውን ወደፊት አምጡ። የሞተሩን ማዘንበያ ብረት በአንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባዋ አስጠጉ። ከዚያ በኋላ ነው ታብ።

ለትንሽ ጀልባ እኔ ስማርት ታብስ የሚባለውን እመርጣለሁ። በጋዝ ስፕሪንግ ራሱ ይወርዳል ራሱ ይነሳል፤ ሽቦ የለው፣ ፓምፕ የለው፣ ቢበላሽ እዚሁ ይፈታል። ሌሎቹ የታብ ዓይነቶች፣ ቤኔት በሃይድሮሊክ፣ ሌንኮ በኤሌክትሪክ ነው፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ ማስተካከል ስለሚቻል ሰው ወደ አንድ ጎን ሲበዛ ጀልባዋን ቀጥ ያደርጋሉ። ለትልቅ ጀልባ ዋጋቸው አያስቆጭም። ለእነዚህ ለሁለቱ የመጠኑ ልማድ ለእያንዳንዱ ጫማ ርዝመት በየጎኑ አንድ ኢንች ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ማዕበሉ ከኋላ ሲገፋችሁ ግን ታቡን አንሱት፣ አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ከገባ መሪው ይጠፋባችኋል።

ሞተሩ ላይ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍም ትሪም ታብ ይሏታል፣ አታምታቱ። እሷ ለመሪ ነች። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ከጎተተች የኋላ ጫፏን በትንሹ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሆነ ወደ ግራ። ቀለም አትቀቧት፣ ብዙዎቹ ላይ ዝገት የምትከላከለውም እሷው ነች።

እምቦጭ ባለበት ከነዳችሁ ፕሮፔለሩን ፍቱና ከኋላው የተጠመጠመ የመረብ ክር ካለ አውጡ፣ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱት። ክሩ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ጎማ) ይቆርጣል። የማርሽ ዘይቱን ትንሽ አፍስሳችሁ እዩ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ሳትጠግኑት ወደ ደቅ እንዳትወጡ።