ሲጊሾአራ፦ ደርሶ መልስ ይበቃል ወይስ ልደር?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ሀዋሳ ነኝ፣ መጋቢት ላይ ለስድስት ሳምንት ስልጠና ሮማኒያ ብራሾቭ ልሄድ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነን ተብለናል። ሰው ሁሉ ቡካሬስት ሂጂ ይለኛል እኔ ግን ግርግር አልወድም፣ እዚህም ቢሆን የሚያስደስተኝ ሰው ሳይበዛ በጠዋት ሀይቁ ዳር መሄድ ነው። ሳክሶኖች የቆረቆሯት ሲጊሾአራ የምትባል ትንሽ ከተማ ፎቶዋን አየሁና ልቤ እዛ ቀረ። የሄደ ካለ ልደር ወይስ ልመለስ? ጾምም ነው፣ ምን እበላለሁ? ሳክሶን ማለት ጀርመን ነው አይደል፣ እንዴት እዛ ደረሱ?

የአዳማው፦
እህቴ እደሪ፣ ያለምንም ጥርጥር። እኔ ሮማኒያ ስማር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያውን ደርሼ ተመለስኩና ቆጨኝ። ከብራሾቭ ከሀዋሳ ዝዋይ እንደመሄድ ነው፣ 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ግን ባቡሩ ቀስ ይላል ስለዚህ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ቀን ቀን የድራኩላን ታሪክ ብሎ የሚመጣ ቱሪስት አለ፣ ድራኩላ የተባለው የልዑል ቭላድ አባት ኖሮበታል የሚባለው ቤት በር ላይ ፎቶ ይነሱና ይሄዳሉ፣ ከዛ ማታ ከተማዋ ለአንቺ ብቻ ትቀራለች፣ የራስሽን እግር ኮቴ ትሰሚያለሽ። ሻንጣ በጎማ እንዳትጎትቺ ግን! ከባቡር ጣቢያው ወንዙን ተሻግረሽ ወደ ግንቡ ስትወጪ መሬቱ ያረጀ ኮብልስቶን ነው፣ የኔ አንዱ ጎማ እዛው ቀረ፣ ቦርሳ በጀርባሽ ያዢ።

የሐረርን ጀጎል ካየሽ ነገሩ ቶሎ ይገባሻል፣ በግንብ የታጠረ ከተማ ውስጥ ሰው ዛሬም ይኖራል፣ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ታያለሽ። ልዩነቱ እያንዳንዱን የግንብ ማማ የሚጠብቀው አንድ የሙያ ማኅበር ነበር፣ የልብስ ሰፊዎች፣ የጫማ ሠሪዎች፣ የገመድ ሠሪዎች እየተባለ፣ ከ14ቱ 9ኙ ቆመዋል። የሰዓቱ ማማ 64 ሜትር ነው፣ ከሰዓቱ አጠገብ የሳምንቱን ቀናት የሚወክሉ የእንጨት ምስሎች አሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዞሮ የነገው ይወጣል። ይሄን ለማየት ነው ማደር ያለብሽ።

ታቦር ስር፦
ስለ ሳክሶኖቹ እኔ ልመልስ። ስማቸው ነው እንጂ አብዛኞቹ ከራይን ወንዝ አካባቢና ከሉክሰምበርግ በኩል የመጡ ናቸው፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያን አገር ይገዛ የነበረው የሀንጋሪው ንጉሥ ዳግማዊ ጌዛ ድንበሩን እንዲጠብቁለትና መሬቱን እንዲያለሙ ጠራቸው። በኋላ ሉተራን ሆኑ፣ እኔ መካነ ኢየሱስ ስላደግኩ ይሄ ነው የሳበኝ። ከ170 በላይ ደረጃ አለ ጣሪያ የለበሰ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1642 ነው የተሠራው፣ ተማሪዎች በክረምት በረዶ ሳይመታቸው ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት እንዲወጡ፣ እሱን ጨርሰሽ ቤተ ክርስቲያኑን እለፊና መካነ መቃብሩ ግቢ። ስሙ ሁሉ ጀርመንኛ ነው፣ ሳር የዋጠው ድንጋይ አለ፣ ጠያቂ የለውማ። በጥር 1945 ስንቱ ለግዳጅ ሥራ ወደ ሶቭየት ተወሰደ፣ በኋላ ደግሞ የኮሚኒስቱ መንግሥት ከምዕራብ ጀርመን ገንዘብ እየተቀበለ ይለቃቸው ነበር፣ ኮሚኒዝም ከወደቀበት ከ1989 ወዲህ የቀረውም በብዛት ሄደ። ስምንት መቶ ዓመት የኖረ ሕዝብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አለቀ ማለት ነው። ጸጥታዋ ደስ ይላል ግን ከየት እንደመጣ እያወቅሽ ሂጂ።

ሐይቅ ዳር፦
ውይ ይሄን አላወቅኩም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አድራለሁ በቃ። የጾሙስ?

የአዳማው፦
እሱ አያሳስብሽ፣ ሮማኒያኖቹም ኦርቶዶክስ ናቸው ፋሲካቸውም ከኛ ጋ አንድ ቀን ነው። "ደ ፖስት" በያቸው፣ የጾም ማለት ነው፣ የተፈጨ ቦሎቄ በሽንኩርት ያመጡልሻል፣ ሽሮ አይሆንም ግን በዳቦ ይሄዳል። ወፍራም ጃኬት ያዢ፣ መጋቢት እዛ ገና ብርድ ነው።