የእናቴ ስኳር ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ወጣ፣ የቱን እንመን?

የአራት ኪሎው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ላብራቶሪ የምትሰሩ ወይ ሐኪም የሆናችሁ ካላችሁ እስቲ አግዙኝ። እናቴ 47 ዓመቷ ነው፣ ከከረመ ድካም ድካም ይላታል፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ራሷንም ያዞራታል ምናምን። የሰፈር ሴቶች ስኳር ነው ስኳር ነው እያሉ ስላስፈራሯት ስታዲየም አካባቢ አንድ ላብራቶሪ ይዣት ሄድኩ፣ ጠዋት ምንም ሳትበላ ተሰራላት፣ 129 አለ። ያንን ኤዋንሲ የሚሉትንም አሰራን፣ 6.7። ደንግጠን በሳምንቱ ሜክሲኮ ጋ ሌላ ክሊኒክ ሄድን፣ እዛም ምንም ሳትቀምስ ነው የሄደችው፣ 104 ወጣ፣ "አይዞሽ እናቴ ትንሽ ነው ከፍ ያለው፣ ጣፋጭ ቀንሺ" ብለው ሸኟት። ካናዳ ያለችው እህቴ ደሞ 129ኙን ወደ እነሱ መለኪያ ልትቀይር በ18 አካፍላ 7.2 ነው፣ እኛ ጋ ከ7 ጀምሮ ስኳር ነው የሚባለው ብላ በስልክ አስለቀሰቻት። አክስቴ የራሷን የስኳር መድኃኒት፣ ሜትፎርሚን፣ ይዛላት መጥታለች፣ ገና አላስጀመርናትም። ሰው እንዴት በሳምንት ውስጥ ስኳር ይዞት ይለቀዋል? የአንዱ ማሽን ተበላሽቷል ማለት ነው? ሙሉ የደም ምርመራም ነበራት፣ ሄሞግሎቢን 10.8፣ ኤምሲቪ 71 ይላል፣ አጠገቡ ወደታች ቀስት ነገር አለው፣ ግን እሱን ማንም አላነሳብንም።

ሚኪ ቦሌ፦
ሶስተኛ ቦታ አሰራና ሁለት ለአንድ ያሸነፈውን ውሰድ 😂

ደም ቀጂው፦
ሚኪ ምርጫ አደረግከው እኮ። ሶስት ቦታ ተሰርቶ ሁለቱ ተመሳሳይ ስህተት ሊሰሩ ይችላሉ።
የአራት ኪሎው፣ ሰው ሁሌ ማሽኑን ነው የሚጠረጥረው፣ ማሽኑ ግን ጠዋት ጠዋት ኮንትሮል (ውጤቱ የታወቀ ናሙና) ይሰራበታል፣ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ደሙ ማሽን ጋ ሳይደርስ ነው። ሜክሲኮ የቀዱባችሁ ቦታ ማሽኑ እዛው ነው ያለው ወይስ ሌላ ቦታ ይልካሉ? የቲዩቡ ክዳን ምን ቀለም ነበር? ውጤቱንስ መቼ ሰጧችሁ?

የአራት ኪሎው፦
ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ነው የቀዷት፣ ውጤት 10 ሰዓት ኑ አሉን። ክዳኑ ቢጫ ነበር፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር መደርደሪያ ላይ አቆሙት። ስጠይቃቸው በሞተር የሚወስድ ልጅ አለ አሉኝ፣ እኛ ስንወጣ ገና አልመጣም ነበር። ስታዲየሙ ግን እዛው ነው የሰሩት፣ ቁጭ ብለን ነው የጠበቅነው።

ደም ቀጂው፦
በቃ ነገሩ እዚህ ጋ ነው የሚመስለኝ። ደም ከክንድ ወጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፣ ቀይ ሴሎቹ ቲዩቡ ውስጥም ሆነው ስኳሩን መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ደሙ በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክረው ማሽን) ዞሮ ሴረሙ (ፈሳሹ) ከሴሎቹ ካልተለየ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው ስኳር ይቀንሳል። አስበው እስቲ፣ 129 ሆኖ የወጣ ደም ሞተረኛ እየጠበቀ ሶስት አራት ሰዓት ቢቆም 104 አካባቢ ቢገባ ምንም አይገርምም። ማሽኑ አልዋሸም፣ የተረፈውን ነው ያነበበው። ቢጫው ክዳን ውስጥ ጄል አለ፣ ግን ጄሉ ካልዞረ በስተቀር ታች ተቀምጦ ነው የሚያየው፣ ምንም አይከላከልም። ለስኳር ተብሎ የተሰራው ግራጫ ክዳን ያለው ነው፣ ፍሎራይድ አለበት፣ እሱም ቢሆን ወዲያው ብሬክ አይዝም፣ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሰዓት ስኳሩ መቀነሱ አይቀርም፣ ስለዚህ የሚሻለው ቶሎ ማዞር ነው፣ ካልሆነ በረዶ ላይ ማቆየት። ይሄን ስል ስኳር ከቀን ቀንም ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ የታመመ ሰው ይለያል፣ ግን 25 ነጥብ ልዩነት ሲሆን እኔ መጀመሪያ የማየው ቲዩቡን ነው።

በነገራችን ላይ ስኳር ብቻ አይደለም፣ ደም በሞተር ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ሄዶ ሴሎቹ ከፈነዱ ፖታሲየሙ ከፍ ይላል፣ ስንት ሰው ነው ልቡ ሊቆም ነው ተብሎ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚሮጠው።

ሲስተር ጤና አዳም፦
ደም ቀጂው ጥሩ አስረድተሃል፣ ግን 6.7ቷን ሁላችሁም ዝም ብላችሁ አለፋችኋት፣ እኔን ያሳሰበችኝ ደሞ እሷ ናት። ኤዋንሲ የሚለካው ቀይ ሴል ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው፣ ቀይ ሴል ወደ 120 ቀን ስለሚኖር የሁለት የሶስት ወሩን ይነግረናል እንላለን። ይሄ ግን ሴሉ ጤነኛ ሲሆን ነው። የአይረን እጥረት ያለበት ሰው አዲስ ሴል እንደልቡ ስለማያመርት ደሙ ውስጥ የሚዞሩት ያረጁት ይበዛሉ፣ ያረጀ ሴል ደሞ ስኳር ሲለጠፍበት ነው የኖረው፣ ስለዚህ ስኳሩ ሳይጨምር ኤዋንሲው ከፍ ሊል ይችላል። አይረን ሲወስዱ ተመልሶ ይወርዳል። በቅርብ ብዙ ደም የፈሰሰው፣ ደም የተለገሰው ወይ ሴሉ ቶሎ ቶሎ የሚፈርስበት ሰው ላይ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ስኳር እያለበት ኤዋንሲው ዝቅ ብሎ ይሸውዳል።

አሁን ያቺን ቀስት ተመልከታት። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው፣ አዲስ አበባ ደሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የዓለም ጤና ድርጅት ለከፍታው ተጨማሪ አስልታችሁ ቁረጡ ይላል፣ ስለዚህ 10.8 እዚህ ከተማ ከሚመስለው በላይ ዝቅ ያለ ነው። ኤምሲቪ 71 ማለት ሴሉ ትንሽ ነው፣ 80 አካባቢ ነው የሚጀምረው ኖርማሉ፣ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው አይረን ነው። ድካሙም፣ ደረጃ ላይ የልብ ምቱም፣ ማዞሩም በደም ማነስ ቁጭ ይላል እኮ! ይቅርታ ግን ቀጥታ ልጠይቅህ፣ የወር አበባቸው ይበዛል ወይ? 47 ላይ ይሄ የተለመደ ነው፣ ለወንድ ልጃቸው ግን አይነግሩህም፣ እህትህ በስልክ ትጠይቃቸው።

ጥንቃቄ ግን፣ ስኳር የለባቸውም እያልኩ አይደለም። መመሪያው ምልክት የሌለው ሰው ላይ ሁለት ምርመራ ሲያልፍ ነው ስኳር የሚለው፣ ሳይበሉ 126 እና ከዛ በላይ፣ ኤዋንሲ 6.5 እና ከዛ በላይ። በወረቀት ካየኸው እናትህ ሁለቱንም አልፈዋል። ግን ኤዋንሲው ለእሳቸው የሚታመን ካልሆነ በእጃችሁ ያለው አንድ 129 ብቻ ነው፣ በአንድ ቁጥር ደሞ ዕድሜ ልክ መድኃኒት አይጀመርም። ሳይበሉ የሚሰራውን እዛው ማሽን ያለበት ቦታ ይድገሙ፣ ካልጠራ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለካ፣ 200 እና ከዛ በላይ ከሆነ ስኳር ነው፣ ከ140 እስከ 199 ከሆነ ጫፍ ላይ ናቸው። አብሮ ፌሪቲን፣ ሰውነት ያጠራቀመውን አይረን የሚያሳየው ምርመራ፣ ይሰራ። የአክስትህን ሜትፎርሚን ለአክስትህ መልስላቸው፣ እሳቸውም ብዙ ዓመት ከወሰዱት ቢ12 ስለሚቀንስ አንድ ቀን ያሳዩት።

ቤቲ፦
ቆይ ግን ጤፍ እየበላን እንዴት ነው አይረን የሚያንሰን? ፈረንጆቹ ራሳቸው ጤፍ አይረን አለው ብለው እየገዙት አይደል እንዴ

ሲስተር ጤና አዳም፦
አለው፣ ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም። አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈር ይቀላቀላል፣ ላብራቶሪ ሲለካው ትልቅ ቁጥር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከአፈሩ ነው፣ ያንን ደሞ አንጀት እምብዛም አይወስደውም። እርሾ ገብቶበት በደንብ ሲቦካ አይረኑን አስሮ የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ የኛ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል፣ ያም ሆኖ የእህል አይረን ከሥጋው ጋር አይወዳደርም፣ ሁዳዴ ሙሉውን 55 ቀን ለሚፆም ሰው ያለው እሱ የእህሉ ብቻ ነው። ከዛ ላይ ቡናው አለ። በፈረንጆቹ 1983 የወጣ ጥናት ላይ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የአይረኑን መግባት በ39 በመቶ ቀንሶታል፣ ሻይ ደሞ በ64። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ቡናም እኩል ነው የጎዳው፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አላደረገም። እና ምሳ ተበልቶ ረከቦት የሚቀርብበት ቤት ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው ይሻላል።

ሚኪ ቦሌ፦
ከምሳ በፊት አቦል ቶና በረካ? እናቴ ከቤት ነው የምታባርረኝ

ደም ቀጂው፦
በምግብ ብቻ 10.8 ቶሎ አይስተካከልም ደሞ፣ እንዳትዘናጉ። የአይረን ክኒን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ፌሪቲኑ ይቀዳ፣ ከተጀመረ በኋላ ቁጥሩ ይደበላለቃል። ጉንፋን ወይ ሌላ ኢንፌክሽን ካለባቸውም ይለፍላቸው፣ ፌሪቲን በህመም ጊዜ ከፍ ስለሚል እጥረቱን ይሸፍነዋል። ሰገራም ይታይ፣ ከጨጓራ ወይ ከአንጀት ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ሊኖር ይችላል።

የአራት ኪሎው፦
ኧረ ተባረኩ። እህቴ ጠይቃታለች፣ የወር አበባዋ ከአምና ጀምሮ በጣም በዝቷል አለች፣ እኔ ቤት ውስጥ እየዋልኩ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ስታዲየሙ ጋ እንመለሳለን። ፌሪቲን ግን ውድ ነው እንዴ? ሁሉም ቦታ ይሰራል?

ደም ቀጂው፦
ሁሉም ቦታ አይሰራም፣ ዋጋውም ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ሳትሄድ ደውል። ስትደውል "ትሰራላችሁ ወይ" አትበል፣ ሁሉም አዎ ነው የሚልህ፣ ልከው ስለሚያሰሩ። "እዛው ነው የምትሰሩት፣ በስንት ሰዓት ይደርሳል" በል። ስኳሩን ደሞ ሲቀዱ ግራጫ ክዳን አላችሁ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ቢገላምጡህም ጠይቅ።