ዝቅ ለተደረገች ዲኤክስ ስቴሽን የትኛውን የኋላ ሾክ አብዞርበር ልግዛ?

ዳዊት ከገርጂ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ስቴሽን ናት፣ በፈረንጅ የ1982 ሞዴል። የገዛኋት ከአንድ ወጣት ነው። ዝቅ አድርጓት፣ ቸርኬ ቀይሮላት፣ አሳምሮ ነበር የሚነዳት። ቁመናዋን አይቼ ስለወደድኳት መልሼ ከፍ ላደርጋት አልፈልግም።

ችግሬ የኋላ ሾክ አይበረክትላትም። ባለፈው ዓመት አዲስ ጥንድ ገዛሁ። ስምንት ወር ሳይሞላቸው ሁለቱም ዘይት ማፍሰስ ጀመሩ። አሁን ስፒድ ብሬከር ላይ ስወጣ ኋላዋ ዷ ብሎ ይመታል፣ ከዚያ ሁለት ሦስቴ ትነጥራለች። በወር አንዴ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ እንሄዳለን። ስንመለስ ድንችም ጤፍም ይጫናል። ያኔ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል።

አንዱ ጋዝ ሾክ ግዛ ይለኛል። ሌላው የሚኒባስ ሾክ አስገባና ተገላገል ይላል። ሁለተኛ ገንዘቤን መጣል አልፈልግም። የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ሜሪ ከሶማሌ ተራ

ዳዊት፣ መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ከሁሉ በፊት የገዛኸው ሾክ የስቴሽን ነው ወይስ የአውቶሞቢል? ብዙ ሰው መጥቶ “የዲኤክስ የኋላ ሾክ” ብቻ ይላል። ሻጩም አውቶሞቢሉ መስሎት የሱን ይሰጠዋል። የአውቶሞቢሉ ኋላ በሞላ ነው የሚቆመው፣ የስቴሽኗ ግን በባሌስትራ (በተደራረቡ ዝርግ ብረቶች)። ሾካቸው አንድ አይደለም። አሮጌውን ፈትተህ ይዘህ ና። የሻንሲውን ቁጥርም ከኮፋኖ ስር ካለው ሰሌዳ ፎቶ አንሳው።

ጋሽ ታዴ መካኒኩ

ሜሪ ትክክል ናት። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅህ ዳዊት ወንድሜ፦ መኪናዋ ዝቅ ያለችው በምን ዘዴ ነው? ይሄ ሳይታወቅ ስለ ሾክ ዓይነት ማውራት አይቻልም።

ኋላዋን ሰው ሁለት መንገድ ነው ዝቅ የሚያደርጋት። አንደኛው በባሌስትራውና በአክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማ በሚያገናኘው ዘንግ) መሀል የብረት ብሎክ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ከባሌስትራው አንድ ብረት አውጥቶ የቀረውን ማቃናት ነው። ከውጭ ሲታዩ ያው ናቸው። ለሾኩ ግን በጣም ይለያያሉ።

መኪናዋ ሜዳ ላይ በጎማዋ ቆማ ሦስት ነገር እይልኝ። የሾኩ የታች ጫፍ የታሰረው ከባሌስትራው ስር ካለው ሳህን ላይ ነው ወይስ አክስሉ ላይ? ከላይኛው ቡሎን መሀል እስከ ታችኛው ቡሎን መሀል ስንት ሴንቲ ነው? አክስሉ ወደ ላይ ሲወጣ የሚመታት ጥቁር የጎማ ትራስ አለች ወይስ የለችም?

ሾኩን ስትፈታው ደግሞ እስከ መጨረሻው ተጭነህ ለካ፣ ከዚያ ስበህ ለካ።

ዳዊት ከገርጂ

ጋሼ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከመኪናዋ ስር ገብቼ ዋልኩ።

ሾኩ የታሰረው ከባሌስትራው ስር ያለው ሳህን ላይ ነው። ብሎክ የለም። ባሌስትራው ላይ ግን ድሮ አንድ ብረት የነበረበት የዝገት ምልክት አለ፣ አሁን ብረቱ የለም። መኪናዋ ባዶዋን ቆማ ርቀቱ 31.5 ሴንቲ ነው። ሾኩ ሲጨመቅ 29፣ ሲሳብ 45 ነው። የጎማ ትራሶቹ ሁለቱም ተቆርጠዋል፣ ሥራቸው ብቻ ቀርቷል። ለሜሪም፦ ሾኩ የስቴሽን ነው፣ ከአሮጌው ጋር አስተያይቻለሁ።

ጋሽ ታዴ መካኒኩ

በቃ፣ በሽታው ተገኘ።

31.5 ላይ ቆማለች፣ ሾኩ የሚያልቀው 29 ላይ ነው። የቀረህ 2.5 ሴንቲ ብቻ ነው። አራት ሰው ሲሳፈር እሱም ያልቃል። ከዚያ በኋላ ስፒድ ብሬከር ስትወጣ ፒስተኑ የሾኩን ቂጥ ይመታል። ዷ የሚለው እሱ ነው። ትራሱ ቢኖር ኖሮ አክስሉን ቀድሞ ይይዘው ነበር። ትራሱ ስለሌለ የመኪናዋ ማቆሚያ ሾኩ ሆኗል። ሾክ ለዚህ አልተሰራም። እንኳን ስምንት ወር፣ ሦስት ወር መቆየቱም ይገርማል።

የሚኒባስ ሾክ የሚሉህን አትስማ። መኪናዋን የሚሸከማት ባሌስትራው ነው። የሾክ ሥራ ንጥረቱን ማብረድ ነው። በጣም ጠንካራ ሾክ በደከመ ባሌስትራ ላይ ስታስር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኮረኮንች ላይ ባሌስትራው ተጨምቆ ሳይመለስ ሌላ ጉድጓድ ይደርሳል። ሾኩ እንዳይመለስ ይይዘዋል። እንደዚያ እያለ መኪናዋ ቁልቁል እየተኛች ትሄዳለች።

እኔ ብሆን የምሰራው ይህን ነው። የወጣውን ብረት እመልሳለሁ። ከዚያ በባሌስትራውና በአክስሉ መሀል ብሎክ አስገብቼ ዝቅ አደርጋታለሁ። ያንተ ባሌስትራ ከአክስሉ በታች ስለሆነ ብሎኩ ገላዋን ያወርዳል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ሾኩ የታሰረው ከባሌስትራው ስር ባለው ሳህን ላይ ነው። ባሌስትራው ወደ ቦታው ሲመለስ ሳህኑም ለገላዋ ያለው ርቀት እንደ ድሮው ይሆናል። አክስሉ ብቻውን ወደ ላይ ይጠጋል። ስለዚህ አጭር ሾክ አያስፈልግህም። የፋብሪካውን ልክ የስቴሽን ሾክ ትገዛለህ፣ አለቀ። (ሾክህ አክስሉ ላይ የታሰረ ቢሆን መልሱ ይገለበጥ ነበር። ያኔ የብሎኩን ያህል አጭር ሾክ ግድ ነው።)

ብሎኩን በተመለከተ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድፍን ብረት ይሁን፣ ቶርኖ ቤት በልኩ ይሰራልህ። ከላይ አክስሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ እንብርት፣ ከታች ደግሞ የሴንተር ቦልቱ (የባሌስትራውን ብረቶች መሀል ላይ የሚያስረው ቡሎን) ራስ የሚገባበት ቀዳዳ ይኑረው፣ አለበለዚያ አክስሉ ይንሸራተታል። ሁለት ብሎክ ደራርበህ አታስር። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች በብሎኩ ልክ የረዘሙ አዲስ ይሁኑ፣ አሮጌውን በብየዳ ማስረዘም የሚባል ነገር አይታሰብም። ቤተሰብ ነው የምትጭነው።

5 ሴንቲ ይሰሩልሃል ግን አንተ 4 በል። ድንችና ጤፍ ስለምትጭን። የጎማ ትራሶቹንም መልስ። አክስሉ ስለተጠጋ ጭነት ሲበዛ ቶሎ ይነኳቸዋል፣ ይንኳቸው። ጎማህ ፓራፋንጎ ከሚፍቅ ይሻላል። በመጨረሻም ከመኪናዋ ስር ሆነህ እይ፦ የባሌስትራው ሳህንና የሾኩ ቡሎን ከቸርኬው የታች ጠርዝ በታች እንዳይወርዱ። ጎማ ቢፈነዳ አስፋልት የሚነካው ቸርኬው ነው መሆን ያለበት።

ብሩክ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)

ከጋሽ ታዴ ጋር እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ብቻ ልለይ። ጭነት የማይጭንና ለብቻው የሚነዳ ሰው ቢሆን አጭር ሾክ ይሻለው ነበር እላለሁ። ለዳዊት ግን ብሎኩ ነው።

አሁን የጋዝ ነገር። ጋዝ ሾክ ሲባል ሁለት ነው። አንደኛው ባለ ሁለት ቱቦ ሆኖ ትንሽ ናይትሮጅን ያለበት ነው። ሁለተኛው ባለ አንድ ቱቦ ሆኖ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ነው። የጃፓኑ ሾክ ሰሪ ካያባ ሁለቱንም ይሰራል፦ ኤክሰል ጂ ባለ ሁለት ቱቦ፣ ጋስ ኤ ጀስት ባለ አንድ ቱቦ። ባለ አንድ ቱቦው መንገድ ላይ ቆንጥጦ ይይዛል፣ ሙቀትም ይችላል። ለጥሩ አስፋልት አሪፍ ነው። ኮብልስቶን ላይ ግን ወገብ ይፈጃል። ደግሞም ድንጋይ ቱቦውን ቢያጎደጉደው፣ ፒስተኑ የሚሄድበት ግድግዳ እሱ ራሱ ስለሆነ ተበላሸ ማለት ነው። ባለ ሁለት ቱቦው ውጭው ትንሽ ቢጎደጎድ ውስጡ ይሰራል። ለአዲስ አበባና ለደብረ ብርሃን መንገድ ባለ ሁለት ቱቦ ግዛ።

ከዚህ የሚልክልህ ዘመድ ካለህም ተጠንቀቅ። የዚህ ትውልድ ኮሮላ ስቴሽን አሜሪካም ተሸጧል፣ ግን ሞተሩም ብዙ ዕቃውም ካንተ ይለያል። በስም ሳይሆን በለካኸው ቁጥር አስመጣ፦ ሲጨመቅ 29፣ ሲሳብ 45፣ የጫፎቹ ዓይነትና የቡሎኑ ውፍረት።

ሜሪ ከሶማሌ ተራ

ፎርጂድ ብዙ ስለሆነ ካርቶን አይተህ አትግዛ። ሾኩን አቁመህ ተጫነው። ጋዝ ከሆነ እጅህን ስትለቅ ቀስ ብሎ ራሱ ይመለሳል። ስትጫነውና ስትስበው መሀል ላይ ባዶ ሆኖ የሚያልፍህ ቦታ ሊኖር አይገባም። ከተኛበት የመጣ ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ግን ውስጡ አየር ስለሚገባ መጀመሪያ ባዶ ሊመስልህ ይችላል። አቁመህ አምስት ስድስት ጊዜ እየሳብክ ተጫነው፣ ይስተካከላል። ከማሰርህ በፊትም እንደዚያ አድርግ።

ሔኖክ፣ ሐዋሳ

የፊቱስ? የኔም ዲኤክስ ፊቷ ሞላው በግራይንደር ተቆርጦ ነው ዝቅ ያለችው። በክሪክ ሳነሳት ሞላው ከቦታው ይላቀቃል።

ጋሽ ታዴ መካኒኩ

ሔኖክ፣ ያ አደገኛ ነው። ጉድጓድ ገብታ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ወይ ጤነኛ ሞላ መልስ፣ ወይ አጭር ካርትሪጅ (የሾኩ ቤት ውስጥ የሚገባው ዕቃ) ፈልገህ የሾኩን ቤት በልኩ አሳጥር። የሁለተኛው ብየዳ ጎበዝ ባለሙያ ይፈልጋል፣ በየመንገዱ አታሰራው። ካርትሪጁን ስትከት ቤቱ ውስጥ ትንሽ ዘይት ጨምር፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያወጣለታል።

ዳዊት ከገርጂ

ሰላም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ብረቱ ከአንድ አሮጌ ስቴሽን ተገኘ። 4 ሴንቲ ብሎክ ቶርኖ ቤት አሰራሁ፣ ዩ ቦልትም አዲስ። ትራሶቹን ሜሪ ሰጠችኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሾኩ የፋብሪካው ልክ ባለ ሁለት ቱቦ ጋዝ ነው። ባዶዋን ቆማ የሾኩ ርቀት 37 ሴንቲ ሆነ። ባሌስትራው 5.5 ሲያነሳት ብሎኩ 4 አወረዳት። ከድሮው ከፍ ያለችው አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ነው፣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ደርሰን መጣን፣ ግማሽ ኩንታል ድንች ጭነን። አልመታም፣ አልፈቀም። ትንሿ ልጄ ከኋላ ተኝታ ነው የተመለሰችው፣ ድሮ ትቀሰቀስ ነበር። ዩ ቦልቶቹን ከጉዞው በኋላ ደግሜ አጠበቅኩ፣ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ሄዱ።

አንድ ነገር ብቻ፦ የሾኩን ጎሚኒ (ጫፎቹ ላይ ያለውን ጎማ) ያሰረልኝ ልጅ መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ እያለ ነው ያጠበቀው። ችግር አለው?

ጋሽ ታዴ መካኒኩ

አለው። መኪናዋ ስትወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎ ይቀደዳል። ሜዳ ላይ በጎማዋ አቁማት፣ የሾኩን የላይና የታች ዳዶ አላላ፣ ኋላዋን ሁለቴ ነቅነቅ አድርጋት፣ ከዚያ እዚያው እንደቆመች አጥብቅ። የባሌስትራውን የፊትና የኋላ ቡሎንም እንዲሁ።